ዋሽንቱ ለማን ይነፋ?

የሰርግ ፊልም የሚያቀናብሩ ሰዎች ሲፈርዱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳኛ እንኳ ምስክር ይሰማል፤ እነሱ ግን ከሰው ምስል ሥር ዜማ ያስገቡና ጉዳዩን ይዘጉታል።

የልጅ ልጄን የሰርግ ፊልም ደብረ ታቦር ቤቴ ከጎረቤቶቼ ጋር አየነው። ሙሽሮቹ የሙሽራይቱን አያት፣ የአንበሳሜዋን የወይዘሮ ይታይሽን ጉልበት ሲስሙ ዋሽንቱ አንጀት ይበላል። የእኔን ሲስሙ ግን ከበሮው ድም፣ ድም አለ፤ ጅብ በረት ሊገባ ነው ያሰኛል። ጉልበት ያው ጉልበት አይደለም? ነገ የሚወለዱት ልጆች አይተው «ክፉዋ አያት ይህቺ ናት» ሊሉ ነው። ቅናት እንዳይመስላችሁ።

በማግስቱ አቀናባሪው ሞላ ዘንድ ሄድኩ።

«እማማ፣ ዜማ ታሪኩን ይከተላል» አለኝ። «ሙሽራ ሲሸኝ ዋሽንት፣ ነገር ሲከር ከበሮ ነው። ወይዘሮ ይታይሽ ልጅ እየሸኙ ያለቅሳሉ። አንቱ ደግሞ እሳቸውን እያዩ ነበር።»

«ባያትስ? ማየት ነውር ሆነ?»

ምስሉን አቁሞ አሳየኝ። ዓይኔን አየሁት። እኔም ራሴ ትንሽ ፈራሁት። ቢሆንም ፍርድ እኩል መሆን አለበት።

«ዜማዎቹን አገላብጣቸው» አልኩት። አገላበጣቸው።

አሁን ፊልሙን ደግመን ስናይ እኔ በዋሽንት ስመጣ፣ ያ ዓይን ከዚያ ዜማ ጋር አልገጥም ብሎ ጎረቤቶቼ በሳቅ ይፈርሳሉ። ይታይሽ በከበሮ ስትመጣ ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። «ምን ያለች እመቤት ናት! ግርማዋ!» ይላሉ።

ነገ ሞላ ዘንድ እመለሳለሁ። ዋሽንቱን ትውሰደው፤ ከበሮው ከመጀመሪያውም የእኔ ነበር።