ሞተሩ ይወርዳል ተባለ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጋራዥ ገብታችሁ መካኒኩ «ምንም አልሆነችም፣ ይዘሃት ሂድ» ብሏችሁ ያውቃል? እኔን ብሎኛል። ይኸው እስከ ዛሬ ደረቴን ነፍቼ የምሄደው ለዚያ ነው። ግን እዚያ እስክደርስ ያየሁትን አበሳ ብታዩት ታዝኑልኛላችሁ።

ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና አለችኝ። «አለችኝ» ስል ግማሿ የባለቤቴ የየትምወርቅ ናት። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ደግሞ ከግማሽም በላይ። የትምወርቅ የባለ ወፍጮ ልጅ ናት፤ ሉማሜ ከታናሽ ወንድሟ ከአንለይ ጋር የወፍጮ ሞተር ድምፅ እየሰማች ነው ያደገችው። እኔ ግን ስለ ሞተር ምክር የምጠይቃት ሰው አልነበርኩም። ወንድ አይደለሁ?

ጊዜው ጥር ነው። ቅዳሜ ሮብ ገበያ አጎቴ ዘንድ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። ስመለስ ቁልቁለት ነውና ምንም አላስተዋልኩም። ሰኞ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ዳገቱን ስይዝ ግን የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ተሰቀለ። ኮፈኑን ብከፍት ውሃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ተማሪዎቼ እያዩኝ በሁለት እጄ መኪና ገፋሁ!

የዚያኑ ዕለት አንለይ ከአማኑኤል ለገበያ መጥቶ ቤት ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሥር አየና ፈገግ አለ። «እንዳለች እገዛችኋለሁ» አለን። የጠራው ዋጋ የበግ እንጂ የመኪና አይመስልም። የትምወርቅም ቁርጤን ነገረችኝ፤ እስከ ቅዳሜ ካልተሠራች አንለይ ይውሰዳት አለች። ልቤ ደማ። ይህችን መኪና እወዳታለኋ! የመጀመሪያ ልጃችንን ከሆስፒታል ይዘን የገባነው በእሷ ነው።

እንግዲህ ዋጋ ላወዳድር ተነሣሁ። የመጀመሪያው ጋራዥ ትልቅ ነው፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለው። መካኒኩ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ሞተሩን አዳመጠና «ቲቸር፣ ሞተሩ ይወርዳል» አለኝ። የጠራው ዋጋ የስድስት ወር ደመወዜ ነው። ከወረደ በኋላስ ይነሣል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እግዜር ያውቃል» አለኝ። ለጸሎት ሌላ ቦታ አለ፤ መካኒክ እግዜርን ሲጠራ ደስ አይለኝም።

ሁለተኛው መናኸሪያው አጠገብ ነው። የራዲያተሩን ውሃ በጣቱ ነክሮ ቀመሰው። አዎ፣ ቀመሰው! ከዚያ ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ማለቱ ነው፣ ተጣሟል አለ። አራት ወር ደመወዝ። የመጀመሪያው ሌባ መሆኑንም አጫወተኝ። በምን አወቅህ ብለው «እኔ ነኛ ሥራ ያስተማርኩት» አለኝ።

ሦስተኛው ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ሞተሩን ጣለው፣ ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣልሃለሁ አለ። ዋጋው ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። ሞተር ገዝቼ መኪናዋን ምርቃት ልውሰዳት ማለት ነው?

እኔም እንደ አስተማሪነቴ በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። የጋራዡ ስም፣ የበሽታው ስም፣ ዋጋ፣ አስተያየት። እንዴት ያለ ሠንጠረዥ መሰላችሁ! ለየትምወርቅ ኮራ ብዬ አሳየኋት። አየት አደረገችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ለመሆኑ ቅዳሜ የት ነበር የዋልከው?»

ለቅሶ ነው አላልኩሽም ብዬ ተቆጣሁ። የማን ለቅሶ አለች። የአጎቴ ጎረቤት አልኩ። ሠንጠረዡን መለሰችልኝ። ቅናት መሰለኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሚቀናብኝ መገኘቱ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ደስም አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭኜ መኪናዋን ለአንለይ ላስረክብ ወደ አማኑኤል ነዳሁ። ትንሽ እነዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ አጠጣታለሁ። አማኑኤል መግቢያ ላይ እንደገና ፈላች። የቆምኩት ጋሽ ሰይድ ከሚባሉ አዛውንት ቆርቆሮ ቤት ፊት ነው። አሮጌ ዕቃ ይሸጣሉ፣ መኪናም ይሠራሉ። ቀረብ ብለው ሞተሩን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«የት ውላ ነው እንዲህ የሆነችው?» አሉኝ።

«ለቅሶ ነበርን።»

«ለቅሶ መኪና አያፈላም።»

ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡ። ከፊት ሁለት ራዲያተር አላት፤ አንዱ የሞተሩ፣ አንዱ የማቀዝቀዣው። በሁለቱ መሐል ሽቦ ሰደዱና የሆነ ነገር ጎትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የገብስ እብቅ!

«ወንድሜ፣ ይህች መኪና ገብስ ወቅታለች» አሉኝ።

ለእናንተም ለቅሶ ነው ብያችሁ ነበር አይደል? ይቅር በሉኝ። ያን ቅዳሜ የአጎቴ አንዱ በሬ እግሩን ታሞ አውድማው ቆሞ ነበር። እኔ እያለሁ በሬ ምን ያደርግልሃል አልኩና መኪናዋን ገብሱ ላይ አወጣኋት። እየዞርኩ እየዞርኩ አበራየሁለት። አጎቴ ለበሬዎቹ የሚዘፍነውን ዘፈን ለመኪናዋ ዘፈነላት፣ የሰፈሩ ሰው እልል አለ። እብቁም በየቀዳዳው ገብቶ ኖሯል። ሦስቱ ጋራዦች አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም እዋሻቸው ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከጎረቤት ጎሚስታ የአየር ቱቦ ስበው ነፉበት። እብቁ ጉም ሆኖ ወጣ፤ ቢሰበሰብ ቁና ይሞላል። ውሃ ሞሉ፣ አስነሷት፣ ሩብ ሰዓት ቆመን አየናት። መርፌው መሐል ላይ ቀጥ! «ምንም አልሆነችም፣ ይዘሃት ሂድ» አሉኝ። ስንት ልክፈል ስላቸው ለጎሚስታው የአየሩን ስጠው ብለው ሻያቸውን ቀጠሉ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ!

አንለይ ከነውሉና ከሁለት ምስክሮቹ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቱ ላይ ጥሩንባዬን አስጮህኩና ዞሬ ተመለስኩ። ያን ሁሉ ዳገት መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ማርቆስ ስገባ በሦስቱም ጋራዦች በር አለፍኩ፤ ሁለቱ መንገዴ እንኳ አልነበሩም። በመጀመሪያው በር ላይ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ሞተሩ አልወረደም!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው እጁን አነሣልኝ።

ቤት ገብቼ ለየትምወርቅ ድሌን ተረኩላት። እብቁን ግን ዘለልኩት፤ ትንሽ ነገር ደፍኖት ነው ብዬ አለፍኩ።

«ጨረስክ?» አለችኝ። «አባባ ማታ ወፍጮውን ሲያጠፉ መጀመሪያ የሞተሩን ራዲያተር በብሩሽ ይጠርጉ ነበር። እብቅ ከደፈነው ይፈላል። አንተ ያን ቅዳሜ ስትገባ ጠጉርህ እብቅ ለብሶ ነበር። የት ዋልክ ያልኩህ ለምን መሰለህ?»

አንለይስ ያውቅ ነበር እንዴ አልኳት። እሱንም ያሳደጉት እኒያው አባት ናቸው አለችኝ። ታዲያ ዝም ብለሽ ልታስሸጪኝ ነበር አልኳት። ቁልፉን ልትሰጠው ስትል እደውልልህ ነበር፤ እስከዚያ እውነቱን ትናገር እንደሆነ ብዬ ነው አለች።

ሠንጠረዤን አወጣሁና አንድ መስመር ጨመርኩ። ስም፦ የትምወርቅ። ዋጋ፦ እውነት መናገር። ከሌሎቹ ጋር አስተያየሁት፤ ከሁሉም ውዱ እሱ ሆኖ አገኘሁት።

ትናንት አጎቴ ደወለልኝ። በሬው አልዳነም፤ ስንዴው ደግሞ ለውቂያ ደርሷል። ቅዳሜ ሮብ ገበያ ለቅሶ አለብኝ አልኳት የትምወርቅን። ጓዳ ገብታ የአባቷን ብሩሽ አመጣችና አቀበለችኝ።