ነጭ ወይን ለቡሬዋ እንግዳ

የጎጃም ሰው «ስለ መጠጥ አላውቅም» ከሚል «አባቴን አላውቅም» ቢል ይቀለዋል። አባቱን የማያውቅ ቢያንስ ይታዘንለታል። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት አይደለም፣ ራሴን ነው። ጠላን በማሽተት፣ አረቄን በአረፋው አውቃለሁ። ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጌ ከሽንዲ የመጣውን ከፍኖተ ሰላሙ እለያለሁ… ወይም የምለይ ይመስለኛል። እስካሁን የተከራከረኝ የለም። እኔ እየጋበዝኩ ማን ይከራከራል?

እንዲህ ያለውን ሰውዬ ነው እንግዲህ ነጭ ወይን ግዛ ያሉኝ።

ልጄ ምሕረት ታጭታለች። ሽምግልናው አልቋል። የቀረው የልጁ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከቡሬ መጥተው ቤታችንን የሚያዩበት የእሑድ ምሳ ብቻ ነበር። ቤት ማየት ሲባል ቤቱ የሚታይ እንዳይመስላችሁ፤ የሚታየው እኛ ነን። ታዲያ ልጁ ለምሕረት በስልክ ሹክ አላት፤ እናቱ ጠላ አይወዱም፣ ከጠጡም ትንሽ ነጭ ወይን ነው። ምሕረት ለእናቷ ነገረች፣ ባለቤቴ እታገኝ ደግሞ እኔን አዘዘች። ጥሩ ይሁን፣ ውድ አይሁን፣ ልጅቷን እንዳታዋርዳት። ከሦስቱ አንዱን እንደማሳካ እርግጠኛ ነበርኩ።

የከተማችን ሱፐርማርኬት ዱሮ ሱቅ ነበር፤ ቅርጫት የገዛ ዕለት ሱፐርማርኬት ሆነ። ከሳሙናውና ከዳይፐሩ አልፌ ወይኖቹ ፊት ቆምኩ። ቀዩ ሞልቷል። ነጩን ብፈልግ አጣሁት። ለካስ ነጭ ወይን ነጭ አይደለም! ውሃ የበዛበት ጠጅ ነው የሚመስል። ነጭ ብሎ የሰየመው ሰው ዓይኑን ይታይ አልኩ። ዋጋውን ሳይ ደግሞ መታየት ያለበት የእኔ ዓይን መሰለኝ። በዚያ ላይ ሁሉም በቡሽ የተደፈነ ነው። እኛ ቤት የቡሽ መንቀያ የለም፤ በእንግዳ ፊት ጠርሙስ በቢላ ስፈለፍል ታየኝ።

ጎረቤቴ መሪጌታ ስኳር ሊገዙ ገብተው ኖሯል። ቅኔ አስተማሪ ናቸው፣ ምክር አይነፍጉም። ጭንቀቴን አዋየኋቸው። ወይን ከቤተ መቅደስ ውጭ ቀምሰው እንደማያውቁ አስቀድመው ነገሩኝ፤ ከዚያ መከሩኝ።

«በቃና ዘገሊላ ሠርግ ጥሩው ወይን የቱ ነበር? መጨረሻ የመጣው። አንተም ከመጨረሻው አንሳ።»

በዚህ ላይ ምን ይጨመራል? መደርደሪያውን ይዤ ዘይቱ እስከሚጀምርበት ጥግ ሄድኩ። እዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጠን፣ ረዘም ያለች ጠርሙስ ቆማለች። የወይን ዘለላ ተስሎባታል። ጽሑፉ የማን አገር እንደሆነ አይታወቅም፤ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ውስጧ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፤ ነጭ ማለት እንዲህ ነው። ክዳኗ በእጅ ይዞራል። ዋጋዋ የሌሎቹን ሩብ አይሞላም። ነቀነቅኳት፤ አረፋም አላት።

ሻጯ ልጅ አየችኝና «ጋሼ፣ እሱ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«አውቀዋለሁ የኔ ልጅ» አልኳት።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ንፍጡ እስኪታይ ግን ከሳሚው የበለጠ ደስተኛ ሰው የለም። ጠርሙሴን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ማንም እንዳይነካት አስጠንቅቄ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስተኛኋት።

እሑድ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሁለት ሽማግሎች ጋር መጡ። ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸው የተመጠነ ሴት ናቸው። ዶሮው ቀረበ፣ ተመሰገነ። ምሕረት ጥግ ይዛ ቆማ የሴትዮዋን ፊት ታነባለች። እኔ ጠርሙሴን ይዤ ብቅ አልኩ። ብርጭቋቸውን ልሞላ ስል አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ቀጂ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። ዱሮ መርዝ ተፈርቶ ነው አሉ፤ አሁን ለወጉ ነው። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ የምትቀምሰው እታገኝ ነበረች። እታገኝ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«ያመጣው ይቅመስ» አለች።

መዳፌ ላይ አንቆረቆርኩና ፉት አልኩ።

አንባቢዬ፣ አቼቶ ነበር። ሰላጣ ላይ ጠብ የሚደረገው፣ ራሱ አቼቶ። መንጋጋዬ ተቆለፈ። ቀኝ ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ ተጨፈነ። ጥሩ ነው ብል ሴትዮዋ ሊጠጡት ነው፤ መጥፎ ነው ብል ልጄ ዕድሜ ልኳን አማቷን አቼቶ ያጠጡ ሰዎች ልጅ ልትባል ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

«እንዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«ሰው ያነቃል» አልኩ። ውሸት አለው?

ባዶ ብርጭቋቸውን ለማስቀዳት ሲያነሱ ጊዜ መግዣ ሌላ ዘዴ አጣሁ። በደንብ ላረጋግጥ ብዬ ሁለተኛ መዳፍ ቀዳሁ። ጠጣሁት። ግራ ዓይኔም ወንድሙን ተከተለ። እንባዬ ሲወርድ ሴትዮዋ አዩኝ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ጓዳ መለስ አደረጉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከወዲያ ጌሾ ይሸተኛል። ተሳስቼ ይሆን?»

እታገኝ ክው አለች። ለሽማግሎቹ የጠመቀችውን ጠላ፣ እሳቸው አይተው እንዳይንቁን ጋኑን በጋቢ አልብሳ ደብቃው ነበር።

«ልጄ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የልጅቷ አባት ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ናቸው፣ እነሱ ቤት ከወይን ሌላ አይጠጣም፣ ጠላ ጠይቀሽ እንዳታሳፍሪኝ አለኝ። እኔ ወይን አፌ ገብቶም አያውቅ። ከቡሬ ጀምሮ እንዴት አድርጌ እንደምውጠው ሳስብ ነው የመጣሁ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ምሕረት ናት። ጋቢው ተገፈፈ፣ ጋኑ ተዘነበለ፣ እታገኝ በመዳፏ ቀመሰች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠጡ፣ ደገሙ፣ ሽማግሎቹንም አስደገሙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሠርጉ ወር ተቆረጠ። እኔም ተጠየቅሁ መሰለኝ፤ ምላሴ ስላልተፈታ ራሴን ነቀነቅሁ።

በማግስቱ መሪጌታን ልወቅሳቸው ሄድኩ። እስክጨርስ ታግሰው አዳመጡኝ።

«ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?» አሉ። «ጥሩው መጨረሻ መጣ። ከየት ወጣ?»

«ከጋን።»

«በቃናም ከጋን ነው የወጣ። መደርደሪያ ነበር ሲባል አልሰማሁም።»

አቼቶዋ አሁንም አለች። እታገኝ ሰላጣ ባቀረበች ቁጥር ሳህኑን መጀመሪያ ወደ እኔ ገፋ ታደርገዋለች። ምን ብላ እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም።