የትርፌ ፊልተር

አንዳንድ ቃል ወደ አገራችን የሚገባው በትምህርት ቤት በር ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በጠላ ቤት በር። «ፊልተር» የገባው በሁለተኛው ነው። ሰቆጣ ላይ ፊልተር ካላችሁ ሰሚው ሁሉ ምራቁን ይውጣል፤ አተላው የወጣለት፣ ጥርት ያለ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀዳ ጠላ ማለት ነዋ። ቃል አንዴ ከሆድ ጋር ከተዋወቀ ወዲያ ጭንቅላት ቢመክረውም አይሰማ።

ጎረቤቴ ትርፌ ይህን አላሰበችም። ዐረብ አገር ለፍታ ባመጣችው ጥሪት ከከተማው ዳር ዶሮ እርባታ ከፍታለች። ዶሮዎቹ እንቁላል አልነፈጓትም፤ ጣጣው ኩሱ ነው። ቤታቸው በታጠበ ቁጥር እጣቢው ቁልቁል ወደ ሰፈራችን ይወርዳል፤ ሽታው እሑድ እሑድ ቅዳሴ እንኳ አይቀርበትም። ቀበሌው «ወይ እጣቢውን አጣሪ፣ ወይ እርባታውን ዝጊ» አላት። እሷም በርሜሎች ደርድራ፣ ጠጠርና አሸዋ ከከሰል ጋር አነባብራ፣ እጣቢውን ከአንዱ ወደ አንዱ አንጠባጠበችው። ከመጨረሻው በርሜል የወጣው ውሃ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊት ያሳያል። «ምንድን ነው?» ላላት ሁሉ ደስ ብሏት «ፊልተር» አለች። ጉዷ የፈላው ያኔ ነው።

በዚያ ሰሞን ቧንቧችን ድምፅ እንጂ ውሃ አይሰጥም ነበር። በማግስቱ ትርፌ በር ላይ ጀሪካን ተሰለፈ። «ለጎመን ማጠጫ ነው፤ በሽታው አልወጣለትም» ብላ ብትለምን ማን ሰምቷት። የሰፈሩ ሽማግሌ መሪጌታ ጀሪካናቸውን ቁጭ አድርገው፣

«ልጄ፣ ለጎመን የተፈቀደ ለእኔ የሚከለከለው ምን በድዬ ነው?» አሏት።

«እግርዎ ሥር ልውደቅ መሪጌታ፣ የዶሮ ኩስ ነው።»

«ነበር። አሁንማ ፊልተር ነው።»

ሰዉ ሞኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ ጠምቶት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በሩን ብትቆልፍ በአጥር ዘለው ቀዱ። መሪጌታ ሆዳቸው አልቆም ብሎ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ ትርፌ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ከዚያ አካፋ አነሳችና ኩሱን እየዛቀች እዚያ ኩልል ያለ ውሃ ውስጥ ገለበጠችው። ሰው እንዳይጠጣው ሌላ ምን መላ ነበራት? ጀሪካኑ ሁሉ ተበተነ።

የቀበሌው ሰዎች ማጣሪያውን ሊያዩ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ያገኙት የጠቆረና የሚሸት ውሃ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ግን ያጠራውን ውሃ መልሶ የሚያደፈርስ ሰው አለ ብሎ ማን ይመን? «ማጣሪያው አይሠራም» ብለው እርባታውን ዘጉት። አንጀቴ አረረ፤ የማደርገው ግን አልነበረኝም።

ዶሮዎቹ በአይሱዙ ተጭነው የሄዱ ዕለት መሪጌታ ተሽሏቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ሊያጽናኗት መጡ። ብዙ መረቋት። ሲወጡ ባዶዎቹን በርሜሎች አይተው ቆም አሉና፣

«ልጄ፣ እንግዲህ ምን ልንጠጣ ነው?» አሏት።