ፕሮፌሰሩና የማይከፈተው መቀስ

ቆዳችሁ ሥር ያለውን ነገር ሁሉ ከእናንተ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። እናንተ "ወገቤን..." ብላችሁ ስትጀምሩ እሱ "ይዞሃል" ብሎ ይጨርስላችኋል። የት ጋ እንደሚያማችሁ ለመናገር ፋታ አታገኙም። ብታገኙም እሱ ያለው ቦታ ላይ ማመም ይጀምራችኋል።

የልብስ ሰፊዋ ሰፈር በዚህ በኩል አልተበደለም፤ ክቡር ፕሮፌሰር ነበሩት። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ሰፈርተኛው ነው። ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል በር ጠብቀው ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ግን እንዲህ አይሉትም፤ "እኔ ሕክምና ላይ በነበርኩበት ጊዜ" ነው የሚሉት። በሽተኛ ሲገባ አይተዋል፣ ሲወጣም አይተዋል። መሃል ላይ የሚሆነውን ራሳቸው ሞሉት።

የምርምራቸው ውጤት ባጭሩ "ነርቭ ነው!" የሚል ነው። የሥጋ ሻጩ ዓይን ሲርገበገብ ነርቭ ነው። ጎረቤት ያለች ሕፃን ጥርስ አላስተኛ ሲላት ነርቭ ነው። የገዛ አማቻቸው ሥራ አልወድም ብሎ ሶፋ ላይ ሲንጋለል፣ "ስንፍና መሰላችሁ? ምስኪን! ነርቭ ነው!" አንድ ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ እግሩን እንዲያነባብር አድርገው፣ ከጉልበቱ ሥር በመዳፋቸው ጠርዝ ቢመቱት፣ እግሩ ተስፈንጥሮ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው መታ። ጠብ ሊነሳ ሲል ፕሮፌሰሩ መሃል ገብተው ገላገሉ። "ወንድሜ፣ እሱ አይደለም የመታህ፤ ነርቩ ነው!"

ሰፊዋ ትወዳቸው ነበር ብል ውሸት ነው። ትታገሣቸው ነበር። ሱቋ አንድ ክፍል ነች፤ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ እህቷ የምትሰፋበት መኪና፣ መደገፊያው ጠንካራ የሆነ አንድ የእንጨት ወንበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የዩኒፎርም ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። እህቷ መስፋት ትችላለች፤ ቆርጦ ማውጣት ግን የሰፊዋ ብቻ ነው። ያ ቀኝ እጇ ነው ሁለቱን የሚያበላው፤ ሌላ ሙያም የላትም።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ፕሮፌሰሩ ገቡ።

"ልጄ፣ ይቺ ጣትሽ እንዴት እንደምትንቀሳቀስ ታውቂያለሽ?"

"በፈቃዴ ነዋ ጋሼ።"

"በፈቃዴ! ጉድ እኮ ነው! ቆይ ላስረዳሽ። ከጭንቅላት እንጀምር።"

እህትየው የሚመጣውን ስላወቀች "ክር አልቆብናል" ብላ ውልቅ አለች። ሰፊዋ የምታመልጥበት ስላልነበራት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ቀኝ ክንዷንም በመደገፊያው ላይ ወደ ኋላ አንጠልጥላ አሳረፈችው። ሰሞኑን እንቅልፍ በዓይኗ ዞሮ አያውቅም። ትምህርቱ ከጭንቅላት ተነስቶ አንገት ላይ ሲደርስ ዓይኗ ተከደነ። ፕሮፌሰሩ ይህን አይተው ደስ አላቸው፤ አስተዋይ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጠው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

ስትነቃ እሳቸው ሄደዋል። መቀሱን አነሳች፣ ወደቀ። ደግማ ብታነሳው ደግሞ ወደቀ። እጇ ከአንጓው ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። "ተነሱ" አለቻቸው ጣቶቿን። ማን ሊሰማት! ግራ ያጋባት ግን ሌላ ነገር ነው። በግራ እጇ መቀሱን ጣቶቿ ላይ ብታስገባው፣ ያ የሞተ የመሰለ እጅ መቀሱን ይዘጋዋል። መክፈት ነው እንቢ ያለው። ሞቶ ከሆነ ለምን ይዘጋል? ደህና ከሆነስ ለምን አይከፍትም?

በማግስቱም ያው ሆነ። አንዱ ደንበኛ ብርድ ነው አለ፣ ሌላዋ ዓይን ነው አለች። ፕሮፌሰሩ ገና ከበሩ ላይ "ነርቭ ነው!" አሉ። ስንት ዘመን ነርቭ ነው ሲሉ ኖረው፣ አንድ ቀን እውነትም ነርቭ ሆነ።

ሐኪም ቤት እህቷ ወሰደቻት። ሐኪሟ ክንዷን አስዘረጋቻት፣ ከአውራ ጣቷ ጀርባ በጥጥ ነካ አደረገቻት።

"ይሰማሻል?"

"ሌላ ሰው የተነካ ነው የሚመስለኝ።"

"አይዞሽ። ጡንቻሽ ደህና ነው። ነርቭሽም የተቆረጠ አይመስለኝም።"

"ታዲያ ሁሉም ደህና ከሆነ እኔ ምን ሆኜ ነው?"

ሐኪሟ ሳቀች። "ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም። ጣትሽን የሚያጥፈው አንድ ነው፣ የሚዘረጋው ሌላ ነው። የሚያጥፈው ትእዛዝ ይደርሰዋል። የሚዘረጋው ግን ትእዛዝ እየጠበቀ ቁጭ ብሏል።"

"ትእዛዙ የት ቀረ?"

"እዚህ ጋ" አለች ሐኪሟ፣ ከክርኗ በላይ እየነካች።

"ኧረ ዶክተር፣ እኔ የታመምኩት እጄን ነው! እዚያ ምንም የለብኝም።"

"መንገዱ በዚያ ስለሚያልፍ ነው። የነርቭ ሕዋሱ ያለው አከርካሪሽ ውስጥ ነው፤ ክሩ ግን የክንድሽን አጥንት ዞሮ እዚህ ታች ያለው ጡንቻ ድረስ ይወርዳል። ያ ሁሉ አንድ ሕዋስ ነው። ቅጥነቱ በዓይን አይታይም።"

"በዓይን የማይታይ ነገር ክንዴን አክሎ?"

ሰፊዋ ክር ታውቃለች። እንዲህ ያለውን ግን የትም ሱቅ አይታ አታውቅም። ከመግባቷ በፊት የነበራት ግራ መጋባት አንድ ነበር፣ አሁን ሦስት ሆነ።

"ክሩን አንድ ነገር ተጭኖት ነው" አለች ሐኪሟ። "ክንድሽን የወንበር መደገፊያ ላይ ምናምን አንጠልጥለሽ ተኝተሽ ነበር?"

ሰፊዋ የሱቋ የእንጨት ወንበር ትዝ አላት። እህቷ ቀስ ብላ ዞራ አየቻት። ሐኪሟ የእጇን አንጓ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ አሰረችላት፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እንደሚመለስ፣ አንዳንዴ ግን ወራት እንደሚፈጅ ነገረቻት። "ነርቭ አይቸኩልም" አለች። ትምህርት ቤት ግን ይቸኩላል።

ገና ከደጅ ሲወጡ እህትየው ፈነዳች። "እኚህ ሰውዬ ናቸው! በወሬ አስተኝተው እጅሽን ገደሉት! አሁኑኑ ሄጄ አፍርጬ ነው የምነግራቸው!"

"ትንፍሽ ብትይ አፍሽን እሰፋዋለሁ።"

"በየትኛው እጅሽ?"

"በጥርሴ!"

እህቷ ለምን ብላ ብትጠይቃት ሰፊዋ ራሷም በደንብ አላወቀችውም። ተናዳለች፤ ፈርታለችም። ግን ሽማግሌው ይህን ከሰሙ ሁለተኛ እንደማያወሩ ታያት። ካላወሩ ደግሞ ምን ቀራቸው?

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ መጡ። ጨርቁ እንደተቆለለ ነው። ሰፊዋ መደገፊያ የታሰረውን እጇን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ተቀምጣለች።

"መዝጋት ትችያለሽ?" አሉ።

"አዎ።"

"የጎደለው መክፈት ብቻ ነው?"

"መክፈት ብቻ ነው ጋሼ።"

ፕሮፌሰሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ? በር ስከፍት አይደል!"

በር የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም።

እንዲህ ነው የጀመሩት። እሷ የመቀሱን አንድ እጀታ ይዛ ትዘጋለች፤ እሳቸው ሌላውን ይዘው ይከፍታሉ። ግን ዝም ብሎ መክፈት የት አባቱ! ትእዛዝ ይፈልጋሉ።

"ይክፈቱ ጋሼ።"

"ጡንቻን አንቱ የሚል ማን አለ? ክፈት በይ!"

"ኧረ አፌ ቁርጥ ይበል!"

ከብዙ ክርክር በኋላ "እሺ" ስትል እንዲከፍቱ ተስማሙ። እሺ፣ ቀጭ። እሺ፣ ቀጭ። የመጀመሪያው ኪስ እንደ ጎረምሳ ጥርስ ተወለጋገደ። አንዴ ስለ ጉበት ማውራት ጀምረው መክፈቱን ረሱትና እህትየው ከመኪናው ጀርባ ጮኸች። "ሱሪው ተበላሸ! የማን ጥፋት ነው?"

"እኔ ጡንቻ ነኝ" አሉ ፕሮፌሰሩ ተቆጥተው። "ትእዛዝ አልደረሰኝም።"

ያኔ ሰፊዋ መቀሱን ይዛ ቆም አለች። እጇን እስከዚያ ቀን እንደ አመጸኛ ነበር የምታየው። ለካስ አላመፀም። የሆነ ቦታ እንደ ጋሼ ቁጭ ብሎ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል።

"ግን ጋሼ፣ ትእዛዙን የምሰጠው እኔ ነኝ ወይስ ጭንቅላቴ?"

ፕሮፌሰሩ አሰቡ። "እሱ እንኳ... ነርቭ ነው" አሉ፣ ራሳቸውም እየተጠራጠሩ።

ሳምንታት አለፉ። ጨርቁ ከጣሪያ ወረደ፣ ከትከሻ ወረደ፤ ኪሱም ቀና። አንድ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ስለ ሳንባ እያስረዱ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሳንባ ሲያሳዩ፣ መቀሱ ቀጭ አለ። ከዚያ ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፣ ተከፈተ። ደግሞ ቀጭ አለ። እጀታውን የያዘ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሰፊዋ አየችው። እህቷ መኪናውን አቆመች። "እግዜር ያለው!" ብላ አፏን ያዘች። ፕሮፌሰሩ እጃቸው አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀሩ። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

"ነርቭ ነው" አሏት በመጨረሻ፣ መሐረባቸውን እያጠፉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አነሱ። "በሩ ራሱ ከተከፈተማ ዘበኛ ምን ያደርጋል? በሉ ደህና ዋሉ።"

ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች። በዚያች ደቂቃ፣ እጇ የተመለሰበት ደስታ ላይ፣ እኚህ ሰው ነገ ባይመጡ ሱቁ ምን ያህል ጭር እንደሚል ታያት። ትታገሣቸው ነበር አላልኩም? ውሸቴን ነው፤ ወይም እሷም አታውቀውም ነበር።

"ጋሼ፣ ይቁሙ!"

ያንን የእንጨት ወንበር እየጎተተች ከጓሮ ጣለችው። መደገፊያ የሌለው በርጩማ አምጥታ መሃል ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠችበት።

"ያን ቀን የጀመሩልኝን ይጨርሱልኛ። አንገት ላይ ነው የቀረነው።"

"አንገት? እኔ እኮ እስከ ጣትሽ ጥፍር ጨርሼልሽ ነው የሄድኩት!"

"የገባኝ ግን እስከ አንገት ነው።"

እህትየው ሳቋን ለመደበቅ ከመኪናው ሥር የወደቀ ክር መፈለግ ጀመረች። ፕሮፌሰሩ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ነገር ሲቆራረጥ አይገባሽም ልጄ" አሉና፣ ከጭንቅላት ጀመሩ።