ጋሽ ይታያል እና አልለቅ ያለው ፍሪሲዮን

በዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው እንጂ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው የለም። ኮፈን ይከፈት ብቻ፤ ከየት መጡ የማይባሉ ሊቃውንት ይከቡታል። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ካንዴላ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና ምንም ሳይል ራሱን ይነቀንቃል። በቢቸና የእነዚህ ሁሉ አለቃ ጋሽ ይታያል ናቸው።

ሊቀ ሞተር ይታያል (ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን) ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መንጃ ፈቃድ የላቸውም። መሪ ጨብጠውም አያውቁም። መኪና ግን በድምፁ ያውቃሉ፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ይላሉ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና አዳምጠው «ይኼ ሞተሩ ታፍኗል» ብለው ፈረዱ። ሾፌሩ ግማሽ ቀን ሲፈታና ሲገጥም ውሎ ነዳጅ ጨርሶ መቆሙን ደረሰበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሙሽራ መኪና ሲንኳኳ ሰምተው አስቆሙ፤ ሚዜዎቹን አስወረዱና ከሥር ገብተው ፈለጉ። ለካ የሚንኳኳው ከኋላ የተጫነ የብርሌ ሣጥን ኖሯል።

ታዲያ ሌላው ሰው ቢሆን አፍሮ ይሸሽ ነበር። እሳቸው ከመኪናው ሥር አቧራ ለብሰው ወጡና «አሃ! ተሳሳትኩ!» አሉ፣ ሎተሪ እንደ ወጣለት ሰው እየሳቁ። ይህን ቃል በእንዲህ ያለ ደስታ የሚናገር ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም።

እኔ ከአሰላ ወደ ቢቸና ተመድቤ የመጣሁ የጤና መኮንን ነኝ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሞጣ የሕፃናት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዘን ከሾፌሩ ከፋንታ ጋር ልንወጣ ስንል ጋሽ ይታያል ጃንጥላቸውን ይዘው የጤና ጣቢያችን በር ላይ ቆመዋል።

«ወደ ሞጣ ናችሁ? አድርሱኝ» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እኔ ሐሳቤ ሁሉ ከሣጥኑ ጋር ነበር። ሣጥኑ አርጅቷል፤ በረዶው ክትባቱን ከቀኑ ስድስት ሰዓት በላይ አያቆየውም። ሞጣ ላይ ነርስ ባንቺዓለም ከስድሳ በላይ እናቶች ሰብስባ ትጠብቀናለች፤ ብዙዎቹ ልጅ አዝለው በእግራቸው የመጡ ናቸው።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ መንገዱን ሰው ሞልቶታል። ፋንታ በርበሬ የተሸከመች ሴት እስክታልፍ ብሎ ቆመ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጦ እንደያዘ ፍሬኑን ለቀቅ ቢያደርገው መኪናዋ ራሷ ወደ ፊት ተሳበች። ደንግጦ ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩም ጠፋ።

«ምነው ልጄ፣ ልትገድለኝ ነው?» ብላ ሴትዮዋ ጮኸች።

ፋንታ ይቅርታ ጠይቆ ሞተሩን እንደገና አስነሣ። ማርሹ ግን አልገባም አለ፤ እንደ ወፍጮ ተንገጫገጨ።

«ቆይ! ቆይ! እንዳታጠፋው!» አሉ ጋሽ ይታያል ከኋላ፣ ዓይናቸው እየበራ።

ሰዎች ገፍተውልን መንገድ ዳር ወጣን። ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ይገባል፤ ሲነሣ አይገባም። ጋሽ ይታያል ወደ እኔ ዞሩና «ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩና ካምቢዮው፣ የማርሹ ሣጥን፣ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ነው። ሲረገጥ መላቀቅ አለባቸው። እነዚህ ግን ተረግጦም ተያይዘዋል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቶ አልቋል!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሸራው ቢያልቅማ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አትጎትትም ነበር» አለ ፋንታ። «ይቺ ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የወጣችው።»

«አሃ! ተሳሳትኩ! እንግዲያው የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሰው ዘይት ጎድሏል።»

ኮፈኑ ተከፈተ። የፍሪሲዮኑ ዘይት ሙሉ ነው።

«ተሳሳትኩ! ምንጣፉ ነው፤ ፔዳሉ ሥር ታጥፎ እንዳይወርድ ይዞታል።»

ፋንታ ምንጣፉን ጎትቶ አወጣው። ምንም ለውጥ የለም።

ይኼን ጊዜ ዙሪያችንን ሰው ከቦናል። ከመካከላቸው አንድ ዲያቆን «ሦስተኛው ነው የኔታ፣ አሁን ዶሮ ይጮኻል!» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ይታያልም አብረው ሳቁ። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ፋንታ ስልኩን አውጥቶ ሌላ መኪና እንዲላክልን ሊደውል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ስድሳ እናት ልጅ ታቅፋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ይኼ የእርስዎ ጨዋታ አይደለም!»

ሳቁ ቆመ። የጋሽ ይታያል ፊት ሲጠቁር አይቼ ያልኩትን መዋጥ ተመኘሁ፤ ቃል ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል።

«ልክ ነህ ልጄ፣ ጨዋታ አይደለም» አሉ በዝግታ። «ግን ሦስት ያልሆኑ ነገሮችን አሁን አውቀናል። በል ግባና እግርህን አውሰኝ።»

ፋንታ ሞተሩን አጥፍቶ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ። ጋሽ ይታያል ኮታቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከመኪናዋ ሥር ገቡ፤ እኔ በሾፌሩ ወንበር ተቀምጬ እግሬን ፔዳሉ ላይ አኖርኩ።

«ርገጥ! … ልቀቅ! … አሁንም ርገጥ!»

ከዚያ ፋንታን ጠርተው አሳዩት። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድ፣ ከታች ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ዘንግ የሚንቀሳቀሰው ጥፍር የምታህል ብቻ ነው።

«ከላይ ይህን ያህል ገፋን፤ ከታች ይህችን ብቻ አገኘን። ቀሪው የት ሄደ?» አሉ። «ሒሳቡ አልገጠመም። ፈሶ እንዳይባል ዘይቱ ሙሉ ነው።»

«አየር ገብቶ ይሆን?» ብሎ ፋንታ ወንበሩን ከእኔ ተቀብሎ ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው። አየር ቢሆን ሲደጋገም ሻል ይል ነበር፤ ሻል አላለም።

«ሐኪሙ፣ አንተ ና!» ብለው ተጣሩ። «የሰው እጅ ስትዳብስ ነው የምትውል፤ እስቲ የዘይቱን መንገድ በሙሉ በእጅህ ተከተለው።»

ከሥር ገብቼ ጎናቸው ተጋደምኩ። እጄን በብረቱ መስመር ላይ እያስኬድኩ አጭር የላስቲክ ቱቦ ላይ ደረስኩ። ከላይ ፋንታ ረገጠ። ጣቶቼ ሥር ቱቦው እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ተነፋ፤ ሲለቅ ሟሸሸ።

«ጋሼ! ያብጣል!»

እጃቸውን ከእጄ አጠገብ አኖሩ። ፋንታ እንደገና ረገጠ፤ ቱቦው እንደገና ተነፋ። ከእርጅናው የተነሣ ላስቲኩ ላልቶ፣ የእግር ጉልበት ሁሉ ወደ ፍሪሲዮኑ ሳይደርስ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ሳይረገጥ ለሚያየው ሰው ደህና ቱቦ ነው። እኔም የሳሳ የደም ሥር በግፊት ሲነፋ በትምህርት ቤት ሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው፤ መኪና ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሁለታችን አፈር ላይ ተጋድመን እንደ ሕፃን ተሳሳቅን።

የቀረው ሥራ የእኔ ነበር። ቱቦውን በፋሻ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩት፤ በላዩ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ ዲያቆኑ ከአንድ ሱቅ ሮጦ ያመጣውን ቀጭን ሽቦ። ፋንታ የፍሬኑ መስመር ለብቻው መሆኑን አረጋገጠና «ሞጣ ድረስ ብቻ፤ እዚያ አዲስ እናስገባለን» አለ። ሞተሩን አስነሣ፣ ረገጠ፣ ማርሹም ድምፅ ሳያሰማ ገባ።

ቀስ እያልን ጉንደ ወይንን አለፍን። ከብት መንገድ ሲዘጋብን መኪናዋ ቁሚ ስትባል ቆመች። ሞጣ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ባንቺዓለም ሣጥኑን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየችና «ደህና ነው፤ ምነው ቆያችሁ?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ የመጀመሪያዋን እናት ጠራች።

ወደ ጋሽ ይታያል ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጉዳይዎ የት አካባቢ ነው? ፋንታ ያድርስዎ።»

«የምን ጉዳይ?»

«ሞጣ ያመጣዎት።»

አንገታቸውን ደፉ። «ይቺ መኪና በደጄ ስታልፍ ማርሹ በስሱ ሲንገጫገጭ ሳምንት ሙሉ ሰማሁ። ምን ይሆን? ምን ይሆን? ስል ምሳ እንኳ አልወርድ አለኝ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

«ጋሼ፣ ጠዋት ለተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«እሱን ተወው። ይልቅ ቱቦው ሲቀየር አሮጌውን አምጣልኝ፤ ቀድጄ ውስጡን ልየው።»

በማግሥቱ ወሰድኩላቸው። በምላጭ ሰንጥቀው ሲያሳዩኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከገጠር ስንመለስ ከመኪናዋ ኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ብቻ የምትመጣ። ፋንታ «ጠጠር ይሆናል» አለ። «ጠጠርስ አይደለም» አልኩና ጆሮዬን አቀናሁ። ቢቸና ስንገባ ወደ ጋሽ ይታያል ቤት እንዲታጠፍ ነገርኩት።

«ተሳስተው የሆነ ያልሆነውን እኮ ነው የሚነግሩን» አለ ፋንታ።

«እሱማ አይቀርም» አልኩት። «ታጠፍ።»