አሥራ አንድ ሰው ስላሳመመው ግብዣና ስለ ወ/ሮ ጸዳለ ክትፎ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ አሌክሳንድሪያ፣ በሊቀ መንበሩ በአቶ ክፍሌ አፓርትመንት። ስብሰባው ለ8 ሰዓት ተጠርቶ 9 ከሩብ ተጀመረ።

ከኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰባት የኮሚቴ አባላት የተገኙት አቶ ክፍሌ፣ አቶ ኪራኮስ፣ አቶ መርዕድና ጸሐፊዋ የሺሀረግ ናቸው። አቶ መርዕድ ሽንት ቤት ስለከረሙ ድምፃቸው በበሩ በኩል እየተቆጠረ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሦስቱ የቀሩበት ምክንያት አጀንዳው ራሱ ነው። ወ/ሮ ጸዳለ መልስ እንዲሰጡ ተጠርተው ተገኝተዋል።

አጀንዳ 1፦ የተቅማጡ መነሻ

ሊቀ መንበሩ ባለፈው እሑድ ከማኅበሩ ግብዣ የበሉ አሥራ አንድ ሰዎች እስከ ማክሰኞ ባለው ጊዜ መታመም መጀመራቸውን ገልጸው፣ ስድስት ዓመት ክትፎ የሠሩት ወ/ሮ ጸዳለ ይነሡ፣ የሐምሌው ፒክኒክም ፎልስ ቸርች ከተማ ላለ ምግብ ቤት ይሰጥ አሉ። ወ/ሮ ጸዳለ ሥጋው የዚያኑ ዕለት የተገዛ መሆኑን አስረድተው፣ «ከጌይተርስበርግ ድረስ ኮል እያደረጉ ‹ምን ጨመርሽበት?› ይሉኛል። በምን ፊቴ ሰው መሀል ልቁም?» አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ እንዲነሡ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ተቃውማለች፤ ክትፎውን ሁለት ጊዜ ጨምራ በልታ ምንም አልሆነችም።

አጀንዳ 2፦ ጥናቱ

አገር ቤት ሆስፒታል ድሬሰር የነበሩት፣ አሁን ታክሲ የሚነዱት አቶ ኪራኮስ ከላይብረሪ ኮፒ ያደረጉትን የሕክምና ጥናት፣ ባጭሩ ቢባሉም ሙሉውን አነበቡ። ብዙ ጊዜ በምግብ መበላሸት የሚሳበበው አጣዳፊ ተቅማጥ ከቫይረስ ሊመጣ እንደሚችል፣ ቫይረሱም ካልታጠበ የበሽተኛ እጅ ወደ ሌላው አፍ እንደሚሄድ፣ ሰውየው ተሻለኝ ካለም በኋላ እንደሚያጋባ ተገለጸ። ሊቀ መንበሩ ፈረንጅ ስለ ክትፎ ምን ያውቃል ብለው ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ አቶ መርዕድ ከበሩ ጀርባ፣ ሐኪም ሥጋ ስለከለከላቸው እሑድ ዕለት የበሉት ሽሮ ብቻ መሆኑን አሳወቁ። አቶ ኪራኮስ ማን አጎረሰህ አሏቸው።

«ጋሽ ክፍሌ ናቸው። ሦስት ጊዜ። እምቢ ብል ‹በሞቴ› አሉኝ።»

ስም ዝርዝሩ ሲታይ የታመሙት አሥራ አንዱም ሊቀ መንበሩ እየዞሩ ያጎረሷቸው ሆኑ። ለጸሐፊዋ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ስለነበር ሳይደርሷት ቀርተዋል። ሊቀ መንበሩ ከግብዣው በፊት ታመው እንደሆነ ሲጠየቁ ነጥቡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ አሉ። ሐሳቡ ደጋፊ ስላጣ፣ ዓርብ ዕለት ሆዳቸውን ትንሽ ነክቷቸው እንደነበር አመኑ። ጸሐፊዋ ድንገት ሳል ስለያዛት ወደ በረንዳ ወጥታ ተመልሳለች።

አቶ ኪራኮስ ጉርሻ በማንኪያ ይሁን፣ ሊቀ መንበሩ በጓንት ይሁን አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ ሊቀ መንበሩ እስከ መስቀል ማንንም እንዳያጎርሱ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ይቅርታ

ሊቀ መንበሩ ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁ። ወ/ሮ ጸዳለ ሰኞ ጾም ስለሚገባ ይዘውት የመጡትን ክትፎ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«በአፍ አይሆንም፣ ጋሼ። በሳሙና ይታጠቡና ከዚህ ያጉርሱኝ። ከዚያ እርስዎም ይብሉ፣ ሰው ይይ።»

ሊቀ መንበሩ ከላይ የተወሰነባቸውን አስታወሱ። ከዚያ ግን እጀታቸውን ሰብስበው ወደ ወጥ ቤቱ ቧንቧ ሄዱ፤ አቶ ኪራኮስ ሰዓት ይዘው አስታጠቧቸው። አጎረሱ፤ ራሳቸውም በሉ፤ ሌሎቹም ወደ ማዕዱ ቀረቡ። አቶ መርዕድ ሽሮ ይኖር እንደሆነ በበሩ በኩል ጠየቁ።

ስብሰባው 10 ሰዓት ከ40 ላይ ሲያበቃ በአጀንዳ 1ና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ከአቶ መርዕድ በቀር የሁሉም አፍ ሙሉ ስለነበር ድምፅ የተቆጠረው ጭንቅላት በመነቅነቅ ነው።