የጋሽ ገመዳ ወገብ

በአገራችን ታማሚ እንጂ ታምሜአለሁ ባይ የለም። የበቆጂ ብርድ ክረምቱን ሙሉ ሲያስለው የከረመ ሰው እንኳ እንዴት ከረምክ ቢሉት፣ «ደህና፣ ተመስገን» ብሎ ነው ወደ ሳሉ የሚመለሰው። ሕመምን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ነውር ነው። ታዲያ ሐኪምስ የማያውቁት ሰው አይደለም?

ጎረቤቴ ጋሽ ገመዳ አሰላ ውስጥ የእህል መጋዘን ተሸካሚ ነበሩ። ቤተሰቡ በሙሉ የሚኖረው በእሳቸው ጀርባ ነው። ወገባቸው ሲጎዳ የመጋዘኑን በር ልጠብቅ ብለው ጠየቁ። ባለ መጋዘኑም፣ «መሸከም አይችልም የሚል የሐኪም ወረቀት ካመጣህ በሩ ያንተ ነው፤ ካላመጣህ ወይ ትሸከማለህ ወይ ትሄዳለህ» አላቸው። ደግፌ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ረዳቱ ድሬሰር ያስተረጉምለታል። ወገብዎ እንዴት ነው ቢባሉ፣ «ተመስገን ነው፤ የእርስዎስ?» አሉ። ጆንያ ማንሣት ያስቸግርዎታል ወይ ሲባሉ ደግሞ፣ «በጉብዝናዬ ሁለቱን ደርቤ ተሸክሜ እዘፍን ነበር» አሉ። ድሬሰሩ «በጉብዝናዬ» የምትለዋን ሳይተረጉማት ቀረ።

«ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ» ብዬ ሹክ አልኳቸው።

«ዝም በል ልጄ፣ ሰው ገና ሳይተዋወቅ ያለቃቅሳል?» አሉኝ።

ሐኪሙ ለከባድ ሥራ ብቁ ናቸው ብሎ ጻፈ።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሊቀበሉ ዝቅ አሉ፤ ወገባቸው ተቆለፈና በዚያው ቀሩ። ሐኪሙ የአገሩን ወግ ተምሯልና እሱም እጅ ነሣ። ቀና ብሎ ቢያይ ሽማግሌው አልተነሡም፤ ስለዚህ የባሰ ዝቅ አለ። ድሬሰሩም አለቃው አጎንብሶ እሱ ሊቆም አይችልም፤ ጨመረበት። ቀጥ ብዬ የቆምኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ባለጌ ሳይሉኝ አልቀሩም። በመጨረሻ ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ይጠብቀኛል ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ጋሽ ገመዳን እንደታጠፉ ይዣቸው ወደ መጋዘኑ ሄድን። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ እጅ እየነሣ አሳለፈን። ባለ መጋዘኑ ሲያያቸው መጀመሪያ የትኛው ባለ ሥልጣን መጣ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም።

«በቃ፣ በቃ፣ ቀና በል» አላቸው። ቀና አላሉም። ይኼኔ ልቡ ተነካ።

«ሰው እንዲህ እያከበረኝ ወረቀት ምን ያደርግልኛል? በሩን ያዝ» አለና ወረቀቱን ሳያነበው ኪሱ ከተተው።

የጋሽ ገመዳ ወገብ በሳምንቱ ተቃና። ባለ መጋዘኑ ግን ሰው ሹመት ሲያገኝ ወዲያው ይኮራል እያለ እስከ ዛሬ ያማቸዋል።